የመኪና ኢንሹራንስ፦ ኖ ክሌም ለማስጠበቅ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ያዋጣል?

ብሩክ_ሌስተር

ሰላም ናችሁ ወገኖች? እንግሊዝ ውስጥ መኪና የምትነዱ ሰዎች ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ። ኢንሹራንሴ በሚቀጥለው ወር ይታደሳል። 6 ዓመት ኖ ክሌም አለኝ (ካሳ ሳትጠይቅ በነዳህባቸው ዓመታት ልክ ከኢንሹራንሱ ዋጋ ላይ የሚደረግልህ ቅናሽ ማለት ነው)፣ እስካሁን አንድም ክሌም፣ ማለትም የካሳ ጥያቄ፣ አላደረግኩም። ለእድሳት የመጣልኝ ዋጋ 612 ፓውንድ ነው። ከሥሩ ደግሞ ኖ ክሌምህን ለማስጠበቅ 44 ፓውንድ ጨምር ይላል። ባለቤቴ ክፈለው ትላለች፣ ስድስት ዓመት የጠበቅከው ነገር በአንድ ቀን ግጭት ከሚሄድ 44 ፓውንድ ይሂድ ነው የምትለው። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ገንዘብ መጣል ነው ይላል። ሁለቱም በጣም እርግጠኛ ሆነው ነው የሚናገሩት። እኔ ማወቅ የምፈልገው ከፍዬ ብጋጭ ዋጋዬ አይጨምርም ማለት ነው ወይ?

የምነዳው ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው። ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን ይዤ እወጣለሁ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ለንደን ዘመድ ጥየቃ።

ዮኒ_ብሪክስተን

ወንድሜ አትክፈል። ከተጋጨህ ዋጋው ይጨምራል፣ አከተመ። ብትከፍልም ይጨምራል፣ ባትከፍልም ይጨምራል። እኔ ከፍዬ አላውቅም። ያንን ብር ለነዳጅ አድርገው።

ህሊና_ሊድስ

ብሩክ፣ እኔ የኢንሹራንስ ኩባንያ ክሌም ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም። ዮኒ ግማሹን እውነት ተናግሯል። ዋጋህ ሊጨምር ይችላል፣ አዎ። ግን «ብትከፍልም ባትከፍልም ያው ነው» የሚለው ትክክል አይደለም።

ሁለት ነገር ለይተህ እይ። አንደኛው መነሻ ዋጋህ ነው። ይህ ዕድሜህን፣ መኪናህን፣ ሠፈርህን፣ ሥራህን፣ ያለፉ ግጭቶችህን አይቶ ኩባንያው የሚያወጣው ነው። ሁለተኛው በዚያ ላይ የሚቀነስልህ የኖ ክሌም ቅናሽ ነው። ማስጠበቂያው የሚነካው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ከተጋጨህ በኋላ መነሻ ዋጋህን ከፍ ማድረግ ይችላሉ፣ ያደርጉታልም። የቅናሽህ ፐርሰንት ግን ባለበት ይቆያል።

ይሄ እኔ የፈጠርኩት ትርጉም አይደለም። ሲኤምኤ የሚባለው የውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የመኪና ኢንሹራንስ ገበያውን መርምሮ በ2015 ትእዛዝ አውጥቷል። ሰዎች የሚገዙትን ነገር ሳይረዱት እየገዙ ነው የሚል ስጋት ስለነበረ ማስጠበቂያ የሚሸጥ ኩባንያ ሁሉ ይህ ነገር የፖሊሲውን፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉን፣ ጠቅላላ ዋጋ እንደማይጠብቅ፣ ጥፋቱ ያንተ ባይሆንም እንኳ ከአደጋ በኋላ ዋጋው ሊጨምር እንደሚችል በግልጽ እንዲነግርህ ይገደዳል። የማስጠበቂያውን ዋጋ፣ በየዓመቱ ያለውን አማካይ ቅናሽ፣ ክሌም ብታደርግ ስንት ዓመት እንደምትወርድም ማሳየት አለበት። ብዙ ሰው ገጹን ወደ ታች እየገፋ ያልፈዋል እንጂ ዋጋ ስታወጣ እዚያው አለ። እባክህ ያንን ሠንጠረዥ ፈልገህ አንብበው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ብሩክ_ሌስተር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ህሊና። ሠንጠረዡን ማታ እፈልገዋለሁ። «ስንት ዓመት ትወርዳለህ» ሲባል ግን ሙሉ በሙሉ ዜሮ አይገባም ማለት ነው? ባለቤቴ ስድስቱም ይጠፋል ብላ ነው የምታስበው።

ህሊና_ሊድስ

አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። በብዙ ኩባንያ 5 ወይም ከዚያ በላይ ያለው ሰው በአንድ የጥፋት ክሌም ወደ 3 ይወርዳል። አንዳንዱ ወደ 2 ያወርዳል። በአንድ ዓመት ሁለት ክሌም ከሆነ ወደ 1 ወይም ወደ ዜሮ። ኩባንያው በኩባንያው ስለሚለያይ ነው ሠንጠረዡን እይ ያልኩህ።

ማስጠበቂያውም ገደብ አለው። እስከ ዘላለም አይደለም። ለምሳሌ በ3 ዓመት ውስጥ ሁለት ክሌም ድረስ፣ ወይም በዓመት አንድ፣ የሚል ነገር ይኖረዋል። ከዚያ ካለፍክ ቅናሹም ይወርዳል፣ በሚቀጥለው እድሳት ማስጠበቂያውን ራሱ ላይሸጡልህ ይችላሉ።

ሮቤል_በርሚንግሃም

እኔ በቁጥር ካላየሁት አይገባኝም፣ ስለዚህ በብሩክ ዋጋ ሒሳቡን ሠራሁት። ቅናሾቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው። ብሩክ የራሱን ኩባንያ ቁጥር ያስገባበት።

ለ5 ዓመትና ከዚያ በላይ ቅናሹ 60% ይሁን፣ ለ4 ዓመት 50%፣ ለ3 ዓመት 45%። 612 ፓውንድ ከ60% ቅናሽ በኋላ ከሆነ መነሻው 1,530 ነው። አሁን ብሩክ ተጋጨ እንበል፣ አያድርግበትና፣ ኩባንያውም መነሻውን 30% ከፍ አደረገው። 1,989 ሆነ።

ማስጠበቂያ ካለው 60% ይቀነስለታል፣ 796 ይከፍላል። ከሌለው ወደ 3 ዓመት ወርዶ 45% ነው የሚቀነስለት፣ 1,094 ይከፍላል። ልዩነቱ 298 ነው። በሁለተኛው ዓመት የሌለው ሰው ወደ 4 ይወጣል፣ 995 ገደማ ይከፍላል፣ ልዩነቱ 199 ነው። በሦስተኛው ዓመት 5 ስለሚሆን እኩል ይሆናሉ። ሲደመር 497 ፓውንድ አካባቢ ነው።

ማስጠበቂያው በዓመት 44 ከሆነ 497 ለ44 ሲካፈል 11 ምናምን ይመጣል። ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በ11 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ትልቅ የጥፋት ክሌም አደርጋለሁ ብለህ ታስባለህ? አዎ ካልክ ያዋጣል። አይ ካልክ አያዋጣም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማስጠበቂያ ያለውም ሰው እኮ ከ612 ወደ 796 ሄዷል። 184 ፓውንድ ጨምሮበታል። ዮኒ «ይጨምራል» ያለው ይህንን ነው።

ዮኒ_ብሪክስተን

ሮቤል ሒሳብህ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር አልገባበትም። ከተጋጨሁ እዚያው ኩባንያ ምን አስቀመጠኝ? ማነጻጸሪያ ድረ ገጽ ላይ ገብቼ ሌላ እፈልጋለሁ። ያኔ የድሮው ኩባንያ ማስጠበቂያ ምን ይጠቅመኛል?

ህሊና_ሊድስ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ዋናው ነገርም ያለው እዚህ ላይ ነው። ስትቀይር ግጭቱ አብሮህ ይሄዳል። አብዛኞቹ ኩባንያዎች ያለፉትን 5 ዓመታት ግጭትና ክሌም ይጠይቁሃል፣ አንዳንዶቹ 3 ዓመት። ባትናገርም ያገኙታል፤ ክሌሞች የሚመዘገቡበት ኪው የሚባል የጋራ ቋት አለ።

ማስጠበቂያ የነበረው ሰው የሚይዘው ወረቀት «6 ዓመት» ይላል። ያልነበረው «3 ዓመት» ይላል። አዲሱ ኩባንያ ወረቀቱን ተቀብሎ 6 ሊቆጥርልህ ይችላል። አንዳንዱ ግን ክሌሙን አይቶ በራሱ ደንብ ያሰላዋል። ስለዚህ ማስጠበቂያው ከሁሉ በላይ የሚሠራው እዚያው ኩባንያ ስትቆይ ነው፤ ስትቀይር ዋጋው በአዲሱ ሰውዬ ደንብ ላይ ነው የሚወድቀው። በየዓመቱ የምትቀያይር ሰው ከሆንክ ዮኒ ያለው ክብደት አለው።

ሰው ደብቆ እንዳይሞክር ደግሞ ልናገር። በ2012 በወጣው የሸማቾች ኢንሹራንስ ሕግ መሠረት አውቀህ ከዋሸህ ፖሊሲውን እንዳልነበረ ሊያደርጉት ይችላሉ። ያኔ ክሌምህን አይከፍሉም፣ ለሌላው ወገን የከፈሉትንም ካንተ ሊጠይቁ ይችላሉ። ያለ ኢንሹራንስ ስትነዳ ከተያዝክ ደግሞ 300 ፓውንድና መንጃ ፈቃድህ ላይ 6 ነጥብ ነው። በዚህ ቀልድ የለም።

ሳሮን_ፊንስበሪ_ፓርክ

እኔ ከዮኒ ጋር አልስማማም፣ ምክንያቱም ሁላችሁም የምታወሩት «እኔ ከተጋጨሁ» እያላችሁ ነው። እኔ አልተጋጨሁም። መኪናዬን በራችን ላይ አቁሜ ተኝቻለሁ። ጠዋት ስነሳ የጎን በሩ ገብቷል፣ ስፖኪዮው ተንጠልጥሏል። ማን እንደመታው የለም። ካሜራ የለም፣ ያየ ሰው የለም። ጥገናው ከ2,000 ፓውንድ በላይ ስለነበረ ክሌም ከማድረግ ውጪ አማራጭ አልነበረኝም። ኩባንያው እንደ «ፎልት» መዘገበው። እንዴት ነው እኔ ተኝቼ ጥፋተኛ የምሆነው ብዬ ብዙ ተከራከርኩ። ከ5 ወደ 3 አወረዱኝ።

ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ እስካሁንም እናደዳለሁ። ለንደን ውስጥ መንገድ ላይ የምታቆሙ ሰዎች ይህን አስቡበት። ጥሩ ሾፌር ነኝ ማለት ብቻውን አይጠብቃችሁም።

ህሊና_ሊድስ

ሳሮንዬ አይዞሽ። ይሄ በየቀኑ የምሰማው ቅሬታ ነው፣ ሰው ቢናደድም አልፈርድበትም። «ፎልት» ሲሉ ጥፋቱ የማን ነው ማለታቸው አይደለም። ኩባንያው ያወጣውን ገንዘብ በሙሉ ከሌላ ሰው ማስመለስ ካልቻለ ክሌሙ «ፎልት» ይባላል። ገጭቶ ያመለጠ ሰው ካልተገኘ የሚከፍል የለም፣ ስለዚህ ባንቺ ላይ ይቆጠራል። ስርቆትም እንደዚሁ ነው። መኪናሽ ቢሰረቅ ኖ ክሌምሽ ይነካል።

አንዳንድ ፖሊሲ ውስጥ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ከገጨሽና ታርጋውን ከያዝሽ ኖ ክሌምሽ እንደማይነካ የሚል ቃል አለ። ሰው ሆን ብሎ መኪናሽን ሲያበላሽ ለሚደርስ ጉዳት የሚሠራም አለ። ፖሊሲሽን እይው፤ ካለ ማስጠበቂያው ከሚሠራው ሥራ ከፊሉ በነጻ ተሰጥቶሻል ማለት ነው። የፊት መስታወት ጥገናም በአብዛኛው ኖ ክሌምን አይነካም፣ ለሱ ብላችሁ ማስጠበቂያ አትግዙ።

ሌላ ሰው የማያነሳውን አንድ ነገር ልጨምር። ያላለቀ ክሌም። ሰውዬው ከኋላ መጥቶ ገጨህ፣ ጥፋቱ ግልጽ ነው፣ ግን የሱ ኩባንያ ኃላፊነቱን እስኪቀበል ወራት ይፈጃል። በመካከል እድሳትህ ደረሰ። ፋይሉ ስላልተዘጋ በዚያ እድሳት ላይ እንደ ፎልት ይቆጠርብሃል። በኋላ ሲዘጋና ሙሉ በሙሉ ሲያስመልሱ ኖ ክሌምህ ይመለሳል፣ በትርፍ የከፈልከውንም ጠይቀህ ማስተካከል አለብህ። ዝም ካልክ ማንም ደውሎ አይነግርህም። ማስጠበቂያ ያለው ሰው ቢያንስ በዚያ መሐል ቅናሹ አይወርድበትም። እኔ በሥራዬ ሳየው ይህ ከሚገመተው በላይ ጠቃሚ ነው።

ጋሽ_ተፈራ_ካምደን

ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ በዚህ አገር ብዙ ዓመት ነድቻለሁ፣ ኖ ክሌሜ ሞልቶ ፈስሷል። አንድ ነገር ልጠይቅ። ከ9 ዓመት በላይ ሲሆን ቅናሹ አይጨምርም አሉኝ። ታዲያ እኔ 15 ዓመት ካለኝ ብጋጭ ከ15 ወደ 13 ነው የምወርደው ወይስ ከ9?

ሮቤል_በርሚንግሃም

ጋሽ ተፈራ እንደምን አሉ? ጥሩ ነገር ነው ያነሡት። ብዙ ኩባንያ ከፍተኛውን ቅናሽ በ5 ወይም በ9 ዓመት ላይ ያቆመዋል። ከዚያ በላይ ያለዎት ዓመት ቅናሽ አይጨምርም። መውረዱ ግን ሁልጊዜ ከ15 ተቀንሶ አይደለም። አንዳንዱ «5 እና ከዚያ በላይ ያለው ወደ 3» ስለሚል እርስዎም 6 ዓመት ያለው ብሩክም እኩል ወደ 3 ትወርዳላችሁ። እርስዎ ብዙ ስላለዎት ብቻ የተሻለ ትራስ አለኝ ብለው አይተማመኑ።

ጋሽ_ተፈራ_ካምደን

እንዲህ ከሆነ ፍትሐዊ አይደለም። ግን ማወቁ ጥሩ ነው፣ ተባረኩ።

አቤል_ሚኒካብ

እኔ ለንደን ውስጥ በቲኤፍኤል (የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ፈቃድ ሚኒካብ፣ ማለትም አስቀድሞ በጥሪ የሚያዝ ታክሲ፣ እነዳለሁ። የኛ ነገር ከናንተ የተለየ ስለሆነ ላስረዳ፣ ምክንያቱም እዚህ ብዙ የሐበሻ ሾፌር እንዳለ አውቃለሁ።

እኛ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነን። እናንተ በ11 ዓመት አንድ ግጭት ይኖራል ወይ ብላችሁ ታሰላላችሁ፣ እኛ ያንን ያህል መንገድ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንጨርሰዋለን። የክፍያችንም መጠን ትልቅ ነው፣ ስለዚህ ቅናሹ በፐርሰንት ሲወርድ የሚሄደው ገንዘብ ከባድ ነው። በሮቤል ሒሳብ ብታስገቡት ለኛ መክፈል ያዋጣል፣ ዋጋው ምክንያታዊ ከሆነ። ችግሩ ሁሉም ኩባንያ ለታክሲ ማስጠበቂያ አይሸጥም፣ የሚሸጠውም ውድ ነው። በደላላ በኩል የሚገዛ ሰው ደላላውን በደንብ ይጠይቅ።

ሌላው፣ የግል መኪና ኖ ክሌም ይዘህ ወደ ሚኒካብ ስትገባ ብዙዎቹ አይቀበሉህም፣ ወይም በከፊል ነው የሚቀበሉህ። የታክሲውም ወደ ግል መኪና ሲሄድ እንደዚሁ። አንድን ኖ ክሌም ደግሞ በአንድ ጊዜ በሁለት መኪና ላይ መጠቀም አይቻልም። ሚኒካብ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ልጆች 8 ዓመት አለኝ ብላችሁ ተማምናችሁ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ዋጋ አውጡ።

በዚያው ልናገር፣ በግል ኢንሹራንስ ምግብ ማድረስ የምትሠሩ ሰዎች ተጠንቀቁ። ለዴሊቨሪ የሚሆን ሽፋን ከሌላችሁ በዚያ ሰዓት ኢንሹራንስ እንደሌላችሁ ነው የሚቆጠረው። እዚያ ላይ ኖ ክሌም ምናምን ብሎ ማውራት አይቻልም።

ቤቲ_ማንቸስተር

እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው፣ 1 ዓመት ኖ ክሌም ብቻ ነው ያለኝ። ክፍያዬ ያስለቅሳል። ማስጠበቂያውን ልግዛ?

ህሊና_ሊድስ

ቤቲ ላንቺ ብዙም አማራጭ የለም፣ አብዛኞቹ 4 ወይም 5 ዓመት ካልሞላሽ አይሸጡልሽም። የሚሸጥ ብታገኚም የ1 ዓመት ቅናሽ ለመጠበቅ መክፈል ጥቅሙ ትንሽ ነው። ይልቅ በወር በወር የምትከፍዪ ከሆነ ወለዱን እዪው። በአንድ ጊዜ መክፈል ከቻልሽ ከማንኛውም ማስጠበቂያ በላይ ያተርፍሻል። ከእድሳትሽ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብለሽ ዋጋ አውጪ፣ የመጨረሻው ቀን ላይ ዋጋው ከፍ ይላል። ኢንሹራንሱን በአባትሽ ወይም በወንድምሽ ስም አድርገሽ መኪናውን አንቺ የምትነጂው ከሆነ ግን ተዪው፣ ያ ማጭበርበር ነው፣ ላንቺም ኖ ክሌም አያስገኝልሽም።

ናቲ_ቨርጂኒያ

እናንተ ጋ እንዲህ ነው እንዴ? እኛ አሜሪካ «አክሲደንት ፎርጊቭነስ» የሚሉት አለ። የመጀመሪያውን አደጋ ይቅር ይሉሃል፣ ለዚያ አደጋ ብለው ዋጋ አይጨምሩም። አንዳንዱ በነጻ ለቆየ ደንበኛ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ያስከፍላል። ግን እኛም ጋ ኩባንያ ስትቀይር ይቅርታው አብሮህ አይሄድም፣ አደጋው ግን ይሄዳል።

ሮቤል_በርሚንግሃም

ናቲ፣ የናንተ የተሻለ ነው፣ ቢያንስ ይቅር ያሉት ጭማሪውን ነው። የኛ ቅናሹን ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ወደ ብሩክ ልመለስ። ሒሳቤ ላይ የጎደለ ነገር አለ። ትንንሽ ጉዳቶችን አትቁጠር። ፓራውልት ተጫጭሮ 350 ፓውንድ የሚጠይቅ ከሆነና ኤክሰስህ ማለትም መጀመሪያ ከኪስህ የምታወጣው 300 ከሆነ ለ50 ፓውንድ ብለህ ክሌም አታደርግም። ከኪስህ ትጠግናለህ። ስለዚህ ማስጠበቂያው ለትልቅ ነገር ብቻ ነው የሚሠራው። በ11 ዓመት ውስጥ ስንት ትልቅ ነገር ይገጥመኛል ብለህ ነው ማሰብ ያለብህ።

ህሊና_ሊድስ

ሮቤል ልክ ነህ፣ ግን ሰው እንዳይሳሳት፦ ከኪስህ ብትጠግንም አብዛኛው ፖሊሲ ግጭቱን እንድትነግራቸው ይጠይቃል። ክሌም አላደርግም፣ ለመረጃ ነው ብለህ ታሳውቃለህ። ኖ ክሌምህ አይወርድም፣ በዋጋው ላይ ግን ትንሽ ሊታይ ይችላል። የሌላ ሰው መኪና ካለበት ደግሞ ውሳኔው ያንተ ብቻ አይደለም። ሰውዬው ዛሬ እጅህን ጨብጦ «ችግር የለም» ብሎህ ከሳምንት በኋላ አንገቴን አመመኝ ብሎ ክሌም ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ቦታው ላይ ስም፣ አድራሻ፣ ታርጋ ተለዋወጡ። ካልተለዋወጣችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ፎቶ አንሱ።

ዮኒ_ብሪክስተን

እኔ ለዚህ ነው ዳሽካም፣ መኪና ውስጥ የሚገጠመውን ካሜራ፣ የገዛሁት። አንድ ጊዜ ከፈልኩ፣ አለቀ። በየዓመቱ 44 ከመክፈል ይሻላል። ከኋላ የገጨኝ ሰው «አንተ ወደ ኋላ መጣህብኝ» ብሎ ሊክድ ሞክሮ ቪዲዮውን ሳሳየው ዝም አለ። ክሌሙ በሱ ላይ ወጣ፣ የኔ ኖ ክሌም አልተነካም።

ሳሮን_ፊንስበሪ_ፓርክ

ዮኒ ይሄኛውን እቀበልሃለሁ። እኔም መኪናው ቆሞ እያለ የሚቀርጸውን አይነት አስገጥሜያለሁ። ግን ዳሽካም የሚጠቅመው ሌላው ሰው ጥፋተኛ ሲሆን ነው። ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ቪዲዮው ላንተ አይመሰክርልህም። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ነው የሚሠሩት።

አቤል_ሚኒካብ

ትክክል። በኛ ሥራ ሁለቱም ያስፈልጋል።

ብሩክ_ሌስተር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው የረዳችሁኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ሠንጠረዡን ፈለግኩት፣ እውነትም አለ። የኔ ኩባንያ በአንድ ክሌም ከ5 እና ከዚያ በላይ ወደ 3 ያወርዳል። ማስጠበቂያው በ3 ዓመት ሁለት ክሌም ይሸፍናል። ከዚያ ማነጻጸሪያ ላይ ገብቼ ማስጠበቂያ ያለውንም የሌለውንም ዋጋ ጎን ለጎን አየሁት። አንድ ሌላ ኩባንያ ያለ ማስጠበቂያ 571፣ ከማስጠበቂያ ጋር 598 ጠየቀኝ። ልዩነቱ 27 ብቻ ነው። ኤክሰሱ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጫለሁ።

በሮቤል ሒሳብ 27 ከሆነ 18 ዓመት ይመጣል። በ18 ዓመት አንድ ትልቅ ነገር አይገጥመኝም ብዬ አልምልም፣ መኪናዬም ሌት ተቀን መንገድ ላይ ነው የምትቆመው። ስለዚህ በ27 ገዛሁት። በ44 ግን አልገዛም ነበር። ባለቤቴም ባልደረባዬም በየራሳቸው ትክክል ናቸው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ባለቤቴ በኔ ፖሊሲ ላይ ተጨማሪ ሾፌር ሆና ነው ለዓመታት የነዳችው። አሁን የራሷን መኪና ልትገዛ ነው። የኔ ኖ ክሌም ለሷ ይሠራል? የድሮው ኩባንያስ ወረቀቱን እስከ መቼ ነው የሚሰጠኝ?

ሮቤል_በርሚንግሃም

27 ጥሩ ዋጋ ነው። በርታ።

ህሊና_ሊድስ

ብሩክ፣ ኖ ክሌሙ የፖሊሲው ባለቤት ንብረት ነው፣ ያንተ ነው። ለሷ አይተላለፍም። ግን ተጨማሪ ሾፌር ሆና ያለ ግጭት የነዳችበትን ጊዜ የሚቆጥሩ አንዳንድ ኩባንያዎች አሉ፣ ቅናሹን በከፊል ይሰጧታል። ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት አራት ቦታ ደውላ «ተጨማሪ ሾፌር ሆኜ የነዳሁበትን ትቆጥራላችሁ?» ብላ በቀጥታ ትጠይቅ። ሁለት መኪና በአንድ ቤት ሲሆን አንድ ላይ የሚሸፍን ፖሊሲም አለ፣ እዚያ ውስጥም ቢሆን እያንዳንዱ የራሱን ኖ ክሌም ነው የሚያጠራቅመው።

ወረቀቱን አሁኑኑ በኢሜይል ጠይቀህ አስቀምጠው። ኖ ክሌም አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ፖሊሲው ካበቃ 2 ዓመት ድረስ ነው። አገር ቤት ገብቶ ከሁለት ዓመት በላይ ሳይነዳ የቆየ ሰው ሲመለስ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል፣ በኛ ማኅበረሰብ ይህ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዓመት ስህተት ከሆነ ቅሬታ አስገባ። ኩባንያው መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አለው። ካልተስማማህ የፋይናንስ ኦምቡድስማን የሚባል ቅሬታ ሰሚ አለ፣ በነጻ ነው የሚያየው፣ የመጨረሻ መልሳቸው ከደረሰህ በ6 ወር ውስጥ ማመልከት አለብህ።

ሳሮን_ፊንስበሪ_ፓርክ

ህሊና፣ የኔ ክሌም ከተዘጋ ገና አራት ወሩ ነው። የመጨረሻ መልስ ብለው የላኩልኝ ደብዳቤ አለ። ታዲያ አሁንም መሄድ እችላለሁ ማለት ነው?

ህሊና_ሊድስ

ደብዳቤው ለቅሬታሽ የተሰጠ የመጨረሻ መልስ ከሆነና 6 ወር ካልሞላው ትችያለሽ። «ፎልት» የሚለውን አመዘጋገብ ላያስቀይሩልሽ ይችላሉ፣ ደንቡ እንደነገርኩሽ ነው። ግን ፖሊሲሽ ውስጥ የማይታወቅ ሰው ለገጨው የቆመ መኪና የተሰጠ ቃል ካለና እነሱ ካልፈጸሙት ጥሩ ጉዳይ አለሽ። የፖሊሲውን መጽሐፍ ከፍተሽ የኖ ክሌም ክፍሉን አንብቢው፣ ካልገባሽ ስምና ቁጥርሽን አጥፍተሽ ያንን ገጽ እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።